የጳጳሱ ሊን፦ ሁለት ገበያና አንድ በትር

በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኖርፎክ አውራጃ፣ ታላቁ ኡዝ ወንዝ ከባሕር ሊገናኝ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀረው ኪንግስ ሊን የምትባል የገበያ ከተማ አለች። ሁለት አደባባዮች አሏት። አንዱ የቅዳሜ ገበያ ይባላል፤ ሌላው የማክሰኞ ገበያ። ሰኞ ገበያ፣ ሐሙስ ገበያ እያልን ላደግን ለእኛ እንዲህ ያለ ስም ማብራሪያ አያስፈልገውም። አንዲት መጠነኛ ከተማ በእግር ጥቂት ደቂቃ በሚያስኬድ ርቀት ላይ ሁለት የተለያዩ ገበያዎች ለምን እንዳስፈለጓት ግን መጠየቅ ተገቢ ነው። መልሱ የጳጳሳት ታሪክ ነው።

የከተማዋም ስም ታሪክ አለው። ኪንግስ ሊን ማለት የንጉሡ ሊን ማለት ነው። ከ1537 በፊት ግን ቢሾፕስ ሊን፣ የጳጳሱ ሊን ነበረች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንድ ጳጳስ ቆረቆራት፤ ሁለተኛው አሰፋት፤ ሦስተኛው ነፃነቷን አስገኘላት፤ አንድ መቶ ሰባ ዓመት ያህል ቆይቶ የመጣውን ደግሞ የከተማዋ ሕዝብ በድንጋይና በዱላ ተቀበለው። በመጨረሻም ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ወሰዳት። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ይህ የመጨረሻው ብቻ ነው፤ ንጉሡ ከጳጳሱ ቀማ፣ ስሙንም ለወጠ። እኔ ግን ንጉሡ የወሰደው ከጳጳሱ እጅ ብዙ ዘመን ሲያፈተልክ የኖረን ነገር ነው ባይ ነኝ። ያፈተለከውም ጳጳሳቱ ስለጨቆኑ ብቻ አልነበረም። ራሳቸው የተከሉት ገበያ ከእነርሱ በላይ ስላደገ ነው።

ከጨው የተሠራ መሬት

በ11ኛው ክፍለ ዘመን በቦታው ከተማ አልነበረም። ሊን የሚለው ቃል እንግሊዝኛ ከመምጣቱ በፊት በደሴቲቱ ይነገር ከነበረው ቋንቋ የተወረሰ ሲሆን ኩሬ ወይም ሐይቅ ማለት ነው። ስፍራውም እንደ ስሙ ነበር፤ ወንዙ ወደ ዋሽ ባሕረ ሰላጤ የሚገባበት፣ ባሕሩ ሲሞላ የሚሸፈን፣ ሲጎድል የሚገለጥ ረግረግ። በዚያ ዳርቻ የሚኖሩ ሰዎች የሚታወቁት በጨው ሥራ ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። በበጋ ባሕሩ ሸሽቶ ሲቆይ ፀሐይና ነፋስ የዳርቻውን አሸዋ ያደርቁታል፤ ጨውም በላዩ ይቀራል። ሰዎቹ ያንን የላይኛውን ስስ ሽፋን ይፍቁና ይሰበስቡታል። ከዚያ ጉድጓድ ውስጥ ከተው የባሕር ውኃ እያፈሰሱ ያጥቡታል። ከሥር እየተጣራ የሚወርደው ውኃ ከባሕሩ ውኃ ይልቅ እጅግ የበረታ ጨው ይኖረዋል። ይህን ውኃ በእርሳስ ምጣድ ላይ አድርገው፣ ከረግረጉ ተቆርጦ የደረቀ የበሰበሰ የዕፅዋት አፈር እያነደዱ ያፈሉታል። ውኃው ተንኖ ሲያልቅ ጨው ይቀራል። ጨው የወጣለት አሸዋ ደግሞ ከጎን ይጣላል። በሚቀጥለው በጋ እንደገና ይጣላል። አባት የጣለበት ላይ ልጅ ይጥላል።

የታጠበው አሸዋ በትውልዶች ድካም ተቆልሎ ጉብታ ሆነ። ጉብታዎቹም ባሕሩ ሲሞላ የማይደርስባቸው ደረቅ ቦታዎች ሆኑ። ሊን በኋላ ቤትና መጋዘን፣ ቤተ ክርስቲያንና አደባባይ የሠራችው በአመዛኙ በዚህ መሬት ላይ ነው። ስለ ከተማዋ መሥራች ሲነሣ የጳጳሱ ስም ይጠራል። እርሱ ከመምጣቱ በፊት መሬቱን በአካፋ የሠሩት ጨው አፍይዎች ግን ስማቸው የትም አልተጻፈም። ይህን ሳልናገር ወደ ጳጳሱ ማለፍ አልሻም።

ጨው ባለበት ነጋዴ አለ። ዓሣ ለማቆየት፣ ሥጋ ለማድረቅ፣ ቅቤ ለማስቀመጥ ሁሉም ጨው ይፈልጋል። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ከመተከሉ በፊት በዚያ ዳርቻ መሸጥና መለወጥ ተጀምሯል። የመሬቱ ጌታ፣ በአጠገቡ ባለው በጌይውድ ጉልቱ በኩል፣ የምሥራቅ አንግሊያ (ኖርፎክን ያቀፈው የምሥራቅ እንግሊዝ ክልል) ጳጳስ ነበር።

በትሩን የተነጠቀው ጳጳስ

ሄርበርት ደ ሎሲንጋ በኖርማንዲ በፌካምፕ ገዳም የኖረ መነኩሴ ነበር። ወደ እንግሊዝ መጥቶ የራምሴ ገዳም አበምኔት ሆነ፤ በ1091 ደግሞ የምሥራቅ አንግሊያን መንበረ ጵጵስና ያዘ። የያዘው በገንዘብ ነው። ለራሱ ጵጵስናውን፣ ለአባቱ በዊንቸስተር ያለ ገዳም አበምኔትነትን ከንጉሥ ዊልያም ዳግማዊ ገዛ። በግብረ ሐዋርያት ሲሞን መሠርይ የመንፈስ ቅዱስን ጸጋ በብር ሊገዛ እንደቀረበ ተጽፏል፤ የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያንም እንዲህ ያለውን ግዢ ሲሞናዊነት ብላ ታወግዘው ነበር። ሄርበርት በዘመኑ ጸሐፊዎች ብዕር ክፉኛ ተወቅሷል።

የሚደንቀው ቀጥሎ ያደረገው ነው። ኅሊናው ዕረፍት ነሣውና ጉዳዩን ለሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ለኡርባን ዳግማዊ ለማቅረብ ተነሣ። ንጉሡ በ1094 የጵጵስና በትሩን እንደነጠቀው የአንግሎ ሳክሶን ዜና መዋዕል መዝግቧል። ሄርበርት ግን ከርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ዘንድ ይቅርታ አግኝቶ ወደ ሥልጣኑ ተመለሰ። መንበሩን ከቴትፎርድ ወደ ኖርዊች አዛወረ፤ በ1096 ዛሬም የቆመውን የኖርዊች ካቴድራል መሠረት ጣለ።

በእነዚሁ ዓመታት፣ በ1100 ግድም፣ የሊን ሰዎች ጠይቀውት በስፍራው የቅድስት ማርጋሬትን ቤተ ክርስቲያን አቆመ። ማርጋሬት የአንጾኪያዋ ሰማዕት ናት፤ በምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናትና በእኛም ስንክሳር ማሪና በሚለው ስም የምትታወቀው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ለኖርዊች መነኮሳት ትንሽ ገዳም ሠራ። በየሳምንቱ ቅዳሜ የሚውለውን ገበያና በቅድስቲቱ በዓል የሚደረገውን ዓመታዊ የንግድ ትርኢት ለመነኮሳቱ ሰጠ። የገበያው ቀረጥ ለገዳሙ ገቢ ሆነ። የቅዳሜ ገበያ አደባባይ ዛሬም ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሥር ነው።

አንዳንዶች ይህን ሁሉ የንስሐ ሥራ ይሉታል፤ ሌሎች የገቢ ምንጭ ፍለጋ። እኔ ሁለቱን ለመለያየት ምክንያት አይታየኝም። ካቴድራል የሚገነባ ሰው ገንዘብ ያስፈልገዋል፤ በንስሐም ሆነ ያለ ንስሐ የገበያ ቀረጥ ገንዘብ ነው። ሄርበርት በ1119 ዐረፈ።

አዲሱ ምድር

ሁለተኛው ጳጳስ ዊልያም ተርብ ነው፤ ከ1146 እስከ 1174 በመንበሩ ተቀመጠ። በእርሱ ዘመን የመጀመሪያዋ ሊን ሞልታ ፈስሳ ነበር። ፐርፍሊት ከሚባለው ጅረት በስተሰሜን ያለው ምድር ግን ገና ክፍት ነበር። ተርብ በዚያ አዲስ ሰፈር ቀየሰ፤ ሰነዶቹ አዲሱ ምድር ይሉታል። ሦስት ኤከር ያህል የሚሰፋ አደባባይ አስቀመጠ፤ ገበያውም ማክሰኞ ማክሰኞ እንዲውል አደረገ። ለነዋሪዎቹ የቅዱስ ኒቆላዎስን ጸሎት ቤት አቆመ። ኒቆላዎስ የመርከበኞች ጠባቂ ተብሎ የሚከበር በመሆኑ ምርጫው ለወደብ ሰዎች የሚገባ ነበር።

የቅዳሜው ገበያ ገቢ ለመነኮሳቱ ተሰጥቷል። የማክሰኞው ግን የጳጳሱ የራሱ ነው። ሁለት ገበያ የኖረው ስለዚህ ነው። የከተማዋ ሰዎች ግን ሁለቱን እንደ አንድ ኑሮ ኖሩባቸው፤ በቅዳሜው ሥጋና እህል ሸጡ፣ በማክሰኞው ከመርከብ የወረደውን ጅምላ ተቀበሉ ብንል ከእውነቱ ብዙ አንርቅም።

ይህ ብልጽግና የሁሉም አልነበረም። በ1190 መጀመሪያ፣ በመላ እንግሊዝ በአይሁድ ላይ በተነሣው ጥቃት፣ የሊን አይሁዳውያን ተገደሉ፤ ቤታቸው ተዘረፈ፣ ተቃጠለ። በግድያው ከመርከብ የወረዱ እንግዶች እጅ እንዳለበት ጸሐፊዎች ገልጸዋል። ወንጀሉን በእንግዶች ላይ መጣል ግን ለከተሜዎቹ እጅግ የሚመች ምስክርነት ነው፤ እኔ በቀላሉ አልቀበለውም።

የ1204 ቻርተር

ሦስተኛው ጳጳስ ጆን ደ ግሬይ የንጉሥ ዮሐንስ የቅርብ ሰው ነበር። ንጉሡ የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ሊያደርገው ፈልጎ ነበር፤ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሰንት ሦስተኛ ግን እርሱን ትተው ስቲቨን ላንግተንን ሾሙ። በዚህ የተነሣ ጠብ ከ1208 እስከ 1214 በእንግሊዝ አብያተ ክርስቲያናት ሕዝባዊ አገልግሎት ታገደ። ደ ግሬይ በመላ አውሮፓ የተሰማ ጠብ ምክንያት የሆነ ሰው ነው ማለት ነው። በሊን ግን የሚታወሰው በሌላ ነው።

በመስከረም 1204 ጳጳሱ ለምኖ ንጉሡ ለሊን ቻርተር፣ ማለትም መብቷን የሚደነግግ ደብዳቤ፣ ሰጠ። ሊን ነፃ ከተማ ሆነች። ነዋሪዎቿ የነጋዴዎች ማኅበር እንዲኖራቸው ተፈቀደ፤ ከለንደን በቀር በመላ ግዛቱ ከቀረጥ ነፃ ሆነው ይነግዱ ዘንድ ተወሰነላቸው፤ በከተማቸው ጉዳይ ከከተማቸው ውጭ እንዳይከሰሱም መብት አገኙ። አርአያዋ ኦክስፎርድ እንድትሆን ተመረጠ። በቻርተሩ ውስጥ አንዲት ሐረግ አለች፦ የጳጳሱና የአረንዴል መስፍን የቆየ መብት እንደተጠበቀ ሆኖ። ከዚያ በኋላ ላለው ለሦስት መቶ ዓመት ሙግት በር የከፈተችው ይህች ሐረግ ናት።

ጳጳሱ ይህን ያደረገው ከተማዋን ሊለቅ ፈልጎ አይደለም። እንዲያውም በዚያው ዘመን ለመነኮሳቱ ሌላ ርስት ሰጥቶ ሄርበርት የሰጣቸውን የሊን ገቢ ወደ ራሱ መልሷል። ነፃ ከተማ ነጋዴ ይስባል፤ ነጋዴ ሲበዛ የገበያው ጌታ ይከብራል። ስሌቱ ትክክል ነበር። በ1203 እና 1204 በወደቦች ከነጋዴዎች በተሰበሰበው የአሥራ አምስተኛ እጅ ቀረጥ ለንደን 836 ፓውንድ ስትከፍል ሊን 651 ፓውንድ ከፍላለች። ከመቶ ዓመት በፊት ጨው ማፍያ ረግረግ የነበረች ቦታ ናት!

ቀጥሎ ተፈጥሮም ሰውም ተባበሩላት። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ዊዝቢች ይፈስ የነበረው የኡዝ ወንዝ ውኃ አቅጣጫውን ለውጦ በሊን በኩል ወደ ባሕር መውጣት ጀመረ። ከካምብሪጅ፣ ከኢሊ፣ ከሃንቲንግደን የሚነሣ ጀልባ ሁሉ መድረሻው ሊን ሆነ። እህልና ሱፍ በወንዙ ወረደ፤ ከኖርዌይና ከባልቲክ ዳርቻ ዓሣ፣ ሳንቃ፣ ሰም፣ ዝፍትና የእንስሳት ለምድ በባሕሩ መጣ። የሃንዛ፣ ማለትም የሰሜን ጀርመን የንግድ ከተሞች ኅብረት፣ ነጋዴዎች ደንበኛ ሆኑ። በ1475 ግድም የሠሩት መጋዘን ዛሬም ቆሞ ይታያል፤ በእንግሊዝ የተረፈ ብቸኛው የሃንዛ ሕንፃ ነው።

ንጉሥ ዮሐንስ ራሱ በጥቅምት 1216 ሊን መጥቶ ነበር። ከሊን ወጥቶ ሲሄድ ጓዙ በዋሽ ባሕረ ሰላጤ ማዕበል ተበላ፤ እርሱም በሳምንቱ ሞተ። በከተማዋ ቅርስ ውስጥ የንጉሥ ዮሐንስ ጽዋ የሚባል፣ በብር ተሠርቶ በወርቅ የተለበጠና በኅብረ ቀለም የተዋበ ዕቃ አለ። የተሠራው ግን በ1340 አካባቢ ነው፤ ንጉሡ ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ። ስሙን ያወጡለት ሰዎች ቻርተሩን የሰጣቸውን ንጉሥ እንጂ ቻርተሩን የለመነላቸውን ጳጳስ አላስታወሱም። ጆን ደ ግሬይን ከልቤ አዝንለታለሁ።

የሥላሴ ማኅበር

በሊን እውነተኛው ኃይል ያደገው በሥላሴ ማኅበር ውስጥ ነው። ለእኛ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ በጠባቂ ስም የሚሰበሰብ፣ አብሮ የሚጠጣ፣ የሞተውን የሚቀብር፣ የተቸገረውን የሚረዳ ማኅበር ነው። በሊን ግን የማኅበሩ አባላት ትላልቆቹ ነጋዴዎች ነበሩ። ማኅበሩ ያበድር ነበር። ለከተማዋ ራሷም ያበድር ነበር። ከከንቲባው ቀጥሎ የሚከበረው የማኅበሩ አለቃ ነበር። ከንቲባው ተመርጦ ለጳጳሱ ይቀርባል፤ የከንቲባው ካዝና ግን የሚሞላው በማኅበሩ ነው። በዚህ ሁኔታ የጳጳሱ ይሁንታ ቀስ በቀስ ሥርዓት ማድረሻ ብቻ ሆነ።

ይህን በዓይን ማየት የሚፈልግ ሰው ወደ ቅድስት ማርጋሬት ቤተ ክርስቲያን ይግባ። በጳጳስ በተመሠረተው በዚያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በእንግሊዝ ካሉት ሁሉ ከትላልቆቹ የሚቆጠሩ ሁለት የነሐስ መቃብር ሰሌዳዎች አሉ። አንዱ በ1349፣ ታላቁ መቅሰፍት (ጥቁር ሞት የተባለው ወረርሽኝ) ኖርፎክ በደረሰበት ዓመት፣ የሞተው የአዳም ደ ዋልሶከን ነው። ሁለተኛው በ1364 የሞተው የሮበርት ብራንች ነው። ሁለቱም ነጋዴዎች ናቸው። ብራንች በሁለት ሚስቶቹ መካከል እጁን ለጸሎት አጋጥሞ ቆሟል። ከእግሩ ሥር፣ በሰሌዳው ግርጌ፣ ረጅም ማዕድ ተቀርጿል፤ ተጋባዦች ተደርድረው ተቀምጠዋል፣ አሳላፊዎች ጣዎስ በሳሕን ላይ ተሸክመው ይመጣሉ። በዋልሶከን ሰሌዳ ግርጌ ደግሞ የነፋስ ወፍጮ አለ። መሥዋዕተ ቅዳሴ በሚቀርብበት ቤት ውስጥ ነጋዴው ግብዣውንና ወፍጮውን ይዞ ተኝቷል። ሰሌዳዎቹ የፍላንደርስ (በዛሬዋ ቤልጅየም ያለ ምድር) ሥራ ናቸው፤ ከባሕር ማዶ በመርከብ የመጡ። ከእነዚህ ሰዎች ልጆች ጋር ነው ቀጣዩ ጳጳስ የተጋጨው።

በትሩ

ሄንሪ ደስፔንሰር በ1370 ጳጳስ ሲሆን ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላውም ነበር። ከመኳንንት ወገን ነው፤ በኢጣልያ ለርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ በጦር ሜዳ ተዋግቷል። ታሪክ የሚጠራው ተዋጊው ጳጳስ እያለ ነው። በ1381 የገበሬዎች ዓመፅ በኖርፎክ ሲነሣ ጋሻ ጦሩን ይዞ በኖርዝ ዋልሻም ዓመፀኞቹን የደመሰሰ እርሱ ነው።

በ1377 ወደ ሊን መጣ። በሊን ከንቲባው ሲወጣ ከፊቱ በትር ይያዝለት ነበር፤ ሁለቱ ጫፎቹ በጥቁር ቀንድ የተለበጡ በትር። ደስፔንሰር ይህ በትር ከእርሱ ፊት እንዲያዝ ጠየቀ። የከተማዋ ጌታ እኔ ነኝ፣ ለሎሌዬ የሚደረግ ክብር ለእኔ እንዴት ይቀራል ማለቱ ነው። የሴንት ኦልባንስ መነኩሴና ዜና መዋዕል ጸሐፊ የነበረው ቶማስ ዋልሲንግሃም የሆነውን ጽፎታል። ከንቲባውና ሽማግሌዎቹ እምቢ አላሉም። እኛ በደስታ እናደርገው ነበር፣ ሕዝቡ ግን አይታገሥም፣ በድንጋይ ይወግሩናል አሉት። ጳጳሱ ፈሪዎች ብሎ ሰደባቸው፤ ተርታውን ሕዝብ መፍራታቸውን ናቀው። እንግዲያው ብቻህን ሂድ፣ ከአደጋው አትጨምረን አሉት። በትሩም ከፊቱ ተይዞለት በመንገድ ወጣ።

ሕዝቡ የከተማዋን በሮች ዘጋ። ደጋን፣ ዱላና ጦር ይዞ ወጣ። ጳጳሱ ቆሰለ፤ አጃቢዎቹ ጥለውት ሸሹ።

ዋልሲንግሃም ደስፔንሰርን አይወደውም ነበርና ትረካው ላይ ጨው ነስንሶበት ይሆናል። ዋናው ነገር ግን በንጉሡ ምክር ቤት ፊት የቀረበ ጉዳይ በመሆኑ አያጠራጥርም። ከተማዋ ጳጳሱን ለመካስ ተገደደች፤ ከፍ ያለ ወጪም ወደቀባት።

ስለ አንድ ዱላ ይህ ሁሉ? አዎን። ቀረጡን ጳጳሱ ለዘመናት ሲወስድ ድንጋይ አልተወረወረም። ስለ ቀረጥ ሙግት ነበር፣ ጠበቃ ነበር፣ ድርድር ነበር። በትሩ ግን የሚታይ ነገር ነው። የዓሣ ሻጯም፣ በርሜል የሚያንከባልለው የወደብ ሠራተኛም፣ ከንቲባው ሲያልፍ በትሩን ያያል፤ ያ በትር የእኛ ሰው ነው የሚያልፈው ያሰኘዋል። በትሩ ወደ ጳጳሱ ፊት ሲሄድ ያ ሠራተኛ በዐደባባይ ተዋረደ። ሽማግሌዎቹ በወረቀት የተጻፈ መብታቸውን በትዕግሥት ሊያስጠብቁ ይችሉ ነበር፤ ተራው ሰው ወረቀት የለውም። ዱላ ያነሣው ለዚህ ይመስለኛል። ከሦስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ንጉሥ የሄርበርትን በትር ሲነጥቅ የጳጳስ ሥልጣን ምልክት ምን ያህል እንደሚያም ያወቀው ጳጳሱ ነበር። በ1377 ያንኑ ሕመም ያወቀው የሊን ሕዝብ ነው።

የሙግቱ ዕዳ

ከደስፔንሰር ጋር ነገሩ በዚያ አላበቃም። እስከ ሕይወቱ መጨረሻ፣ እስከ 1406 ድረስ፣ ከከተማዋ ጋር እየተካሰሰ ኖረ። በ1399 ደግሞ የቅድስት ማርጋሬት ካህን የነበረውን ዊልያም ሶትሪን በመናፍቅነት መርምሮ ትምህርቱን አስካደው፤ ሶትሪ ወደ ለንደን ከሄደ በኋላ በ1401 በእሳት ተቃጠለ። የሮማን ቤተ ክርስቲያን አጥብቆ የነቀፈውን የእንግሊዛዊውን መምህር የጆን ዊክሊፍን ትምህርት በመከተሉ በእንግሊዝ የተቃጠለ የመጀመሪያው ሰው ይኸው የሊን ካህን ነው።

ለታሪኩ ትልቁን ዕጥፋት ያመጣው ግን የሙግቱ ወጪ ነው። ከጳጳሱ ጋር የተሟገቱት ከንቲባዎች ገንዘቡን ከኪሳቸው አውጥተናል፣ ከተማዋ ትመልስልን አሉ። በ1411 ይህ ጥያቄ ሲነሣ ከተማዋ ተሰነጠቀች። የሊን ሰነዶች ነዋሪውን በሦስት ይከፍሉታል፦ ኃያላን፣ መካከለኞችና ታናናሾች። መካከለኞቹና ታናናሾቹ ተባብረው ተነሡ። ማን ጠይቆን ነው የተሟገታችሁት? ለማን ጥቅም? ማን ፈቅዶ ነው ያወጣችሁት? አሉ። በከንቲባ ምርጫና በከተማዋ ገንዘብ ላይ ቃል እንዲኖራቸው ጠየቁ። ዓመታት የፈጀ ሁከት ሆነ፤ ንጉሡም እጁን አስገባ። በ1420 ወገኖቹን ያስማማ ውል ሲጻፍ አስማሚው ማን ነበር? የኖርዊች ጳጳስ ጆን ዌከሪንግ።

ይህን ክፍል ብዙዎች ያልፉታል፤ ለእኔ ግን የጉዳዩ እምብርት ነው። ከተማዋ ከጳጳሱ ነፃ መውጣት ስትል ኃያላኑ ነፃ መውጣታቸው ነበር። ለታናናሾቹ የጳጳሱ ፍርድ ቤት አንዳንድ ጊዜ ከገዛ ከንቲባቸው መሸሸጊያ ነበር። ጨቋኙ ጳጳስና ተጨቋኙ ከተማ የሚለው ቀጥተኛ ትረካ እዚህ ላይ ይሰበራል።

የማክሰኞ ገበያ ሰፈር ሰዎችም የራሳቸው ጥያቄ ነበራቸው። የኒቆላዎስ ጸሎት ቤት በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንደ አዲስ ተሠርታ ከብዙ ደብሮች የበለጠች ትልቅ ሆነች። ነገር ግን የቅድስት ማርጋሬት ተቀጽላ ነበረች፤ ክርስትና ማንሣት አይፈቀድላትም። ባለጠጎቹ ሰፈርተኞች ጥምቀትን በራሳችን ቤት እናድርግ ብለው በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና እንደገና በ1430ዎቹ ተሟገቱ። አልተሳካላቸውም። ይህን የነገረችን ማርጀሪ ኬምፕ ናት፤ በሊን ተወልዳ ያደገች፣ በእንግሊዝኛ ከሁሉ ቀድማ የሕይወት ታሪኳን ያስጻፈች ሴት። አባቷ ጆን ብርንሃም አምስት ጊዜ የሊን ከንቲባ ሆኗል። እርሷ ግን የቆመችው ከአሮጌዋ ቤተ ክርስቲያን ጎን ነበር፤ አይሳካላችሁም ብላም ተናግራ ነበር።

1537

መጨረሻው የመጣው ከሊን አይደለም። ሄንሪ ስምንተኛ በ1524 ለከተማዋ አዲስ ቻርተር ሰጥቶ አሥራ ሁለት ሽማግሌዎችና አሥራ ስምንት የምክር ቤት አባላት እንዲኖሯት አድርጎ ነበር። ያኔ መንበሩን የያዘው ሪቻርድ ኒክ ነበር፤ ከ1501 ጀምሮ የቆየ፣ ዓይኑ የጠፋ፣ አሮጌውን ሥርዓት አጥብቆ የያዘ ሽማግሌ። በ1534 ንጉሡ በሕግ ጥሰት ከስሶ ከባድ መቀጮ ጣለበት። ጳጳሱም ብዙም ሳይቆይ ሞተ። በ1536 መንበሩ ባዶ ሳለ ፓርላማው ሕግ አወጣ፦ የኖርዊች ጳጳስ የጥንት ጉልቶች በሙሉ ለንጉሡ ይሁኑ፤ በምትኩ ጳጳሱ የቅዱስ ቤኔት ገዳምን ርስት ይያዝ። የገዳሙ አበምኔት ዊልያም ራግ ጳጳስ ተደርጎ ተሾመ። ሊንም ከሌሎቹ ጉልቶች ጋር አብራ ወደ ንጉሡ ዞረች።

በ1537 የወጣው ቻርተር ከተማዋን የንጉሡ ሊን አላት። የማክሰኞውንና የቅዳሜውን ገበያ፣ ከዓመታዊ ትርኢቶቹ ጋር፣ ለከንቲባውና ለነዋሪዎቹ ሰጠ። ሄርበርት ለመነኮሳት የሰጠው፣ ተርብ ለራሱ ያቆመው፣ ደ ግሬይ የሰበሰበው ሁሉ በአንድ ወረቀት ለከተማው ምክር ቤት ተላለፈ። ከንቲባው ከዚያ በኋላ ለመሐላ ወደ ጳጳሱ አልቀረበም። የሊን ነጋዴዎች ለዚህ ቀን ደም አላፈሰሱም፤ ንጉሡ ለራሱ ምክንያት ያደረገው ነው። ነገር ግን ንጉሡ ሲሰጣቸው ገበያውን ማስተዳደር እንዲማሩ አላስፈለጋቸውም። ሲያስተዳድሩት ኖረዋል።

በልውውጡ ለጳጳሱ የደረሰው የቅዱስ ቤኔት ገዳም በኖርፎክ ረግረግ መካከል ያለ ነው። በሄንሪ ዘመን ገዳማት ሁሉ ሲዘጉ ይህ ገዳም በሕግ አልተዘጋም፤ መነኮሳቱ ተበታተኑ፣ ድንጋዩ ተወሰደ፣ አበምኔትነቱ ግን ለኖርዊች ጳጳስ ቀረ። ጳጳሱ ዛሬም አበምኔቱ ነው። በየዓመቱ በነሐሴ መጀመሪያ እሑድ በሸራ ጀልባ በወንዙ ይመጣል፤ ከፍርስራሹ መካከል ቆሞ ለተሰበሰበው ሕዝብ በሜዳ ላይ ጸሎት ያደርሳል።